ቀኝ የማን ቀኝ ነው? የአካል አቅጣጫና እንቅስቃሴ ስያሜዎች በእንጅባራ ፈረሰኞች ምሳሌነት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ርእሰ ከተማ በሆነችው በእንጅባራ፣ እጅግ ብዙ ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ። ከዳንግላ፣ ከባንጃ፣ ከአንከሻና ከሌሎችም ወረዳዎች የሚመጡት እነዚህ ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ናቸው። በዓሉ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነትና ከዚያም በኋላ በነበረው ተጋድሎ ከአርበኛው ጋር የተሰለፉ ፈረሶች የሚታሰቡበት ነው። ፈረሶቹ አጊጠው ይወጣሉ፤ ሶምሶማው፣ ሽምጥ ግልቢያውና ጉግሱም ተራ በተራ ይታያል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የበዓሉን ታሪክ ሳይሆን በኮርቻው ላይ የተቀመጠውን ሰው አካል ነው። ፈረሰኛ ሲወጣ፣ ሲቀመጥ፣ ሲጋልብና ሲወረውር በአናቶሚ ትምህርት የሚጠቀሱትን መሠረታዊ የአካል እንቅስቃሴዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሳየናል። አካሉንና እንቅስቃሴውን በትክክል መሰየምም ለፈተና ብቻ የሚጠና ጉዳይ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የአንድን ሰው እጅ ከመቆረጥ ሊያድን ይችላል።

እንበልና ከፈረሰኞቹ አንዱ ወደቀ። በሜዳው የነበሩ ሦስት ሰዎች ለጤና ባለሙያ በስልክ አስረዱ። ከወደቀው ሰው ራስጌ የቆመው «የተጎዳው በስተቀኝ ያለው እጁ ነው» አለ። ፊት ለፊቱ የነበረው ደግሞ «የለም፣ በስተግራ ነው» ሲል ተቃወመ። ሦስተኛው፣ የወደቀው ሰው ክንዱን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ስለተኛ፣ «ከላይ በኩል ነው የተሰበረው» አለ። ሦስቱም ያዩትን ተናገሩ፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ባለሙያው ግን የትኛው እጅ፣ የትኛው የእጅ ክፍል እንደተጎዳ አላወቀም። የጎደለው እውነት ሳይሆን ስምምነት ነው። አናቶሚ የሚጀምረውም ከዚህ ስምምነት ነው።

መደበኛው አቋም

የሰው አካል ባለበት የሚቀር ነገር አይደለም፤ ይተኛል፣ ይቀመጣል፣ ይንበረከካል፣ ይጋልባል። ቆሞ ሳለ ራሱ «ላይ» እግሩ «ታች» የነበረ ሰው ሲጋደም ራሱና እግሩ እኩል ይሆናሉ። ክንዱን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ደግሞ ጣቶቹ ከትከሻው በላይ ይውላሉ። «ላይ» እና «ታች» በየቅጽበቱ ትርጉማቸውን የሚለውጡ ከሆነ በእነርሱ መግባባት አይቻልም። ስለዚህ የአናቶሚ ሊቃውንት፣ ሰውየው በምንም ሁኔታ ላይ ቢገኝ፣ ስለ አካሉ ስንናገር በአንድ የታወቀ አቋም ላይ እንዳለ አድርገን እንናገራለን ብለው ተስማሙ። ይህም መደበኛ አቋም ይባላል።

በመደበኛው አቋም ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ፊት ያያል፤ እግሮቹ ተጠጋግተው የእግሮቹ ጣቶች ወደ ፊት ያመለክታሉ፤ ክንዶቹ በግራና በቀኝ ጎኑ ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ መዳፎቹም ወደ ፊት ዞረዋል። ከእነዚህ ሁሉ እንግዳ የሚመስለው የመጨረሻው ነው፤ እንደ ልማዳችን ስንቆም መዳፋችን ወደ ጭናችን ይዞራልና። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ከክርን እስከ አንጓ ባለው የታችኛው ክንድ ውስጥ ሁለት ረጃጅም አጥንቶች አሉ። መዳፍ ወደ ፊት ሲዞር አጥንቶቹ ጎን ለጎን ተስተካክለው ይቆማሉ፤ ወደ ኋላ ሲዞር ግን አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማል። ለስያሜ የሚመቸው ሳይጠላለፉ ያሉበት አቋም ነው።

ሁለተኛው ስምምነት ቀኝና ግራ ምንጊዜም የባለ አካሉ እንጂ የተመልካቹ አይደሉም የሚል ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም። የጥንቱ የጦር አሰላለፍ ሹመቶች የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ቀኝ አዝማች ቀኝ የተባለው ከፊት ለፊት ለሚመጣው ጠላት ቀኝ ስለሆነ አይደለም፤ ለራሱ ሠራዊት ቀኝ ስለሆነ ነው። ግራ አዝማችም እንዲሁ። ፊታውራሪ ከፊት ይመራል፤ ደጀን ከኋላ ይጠብቃል። ሠራዊቱ ወደ የትም ቢዞር ሹመቶቹ አይለወጡም። አናቶሚም አካልን የሚያየው ልክ እንደዚህ ሠራዊት፣ ከራሱ ከአካሉ ተነሥቶ ነው።

ሐኪም የራጅ ፊልም ሲያነብ ይህ ስምምነት ወሳኝ ይሆናል። የደረት ራጅ የሚታየው በሽተኛው ከሐኪሙ ፊት ለፊት እንደቆመ ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ ከፊልሙ በሐኪሙ ግራ በኩል የሚታየው የበሽተኛው ቀኝ ጎን ነው። ስምምነቱን የማያውቅ ሰው ፊልሙን ቢያይ ጤነኛውን ጎን የታመመ፣ የታመመውን ጤነኛ አድርጎ ያነበዋል።

የአቅጣጫ ቃላት

መደበኛው አቋም ከተወሰነ በኋላ አቅጣጫዎችን መሰየም ቀላል ነው። ወደ ራስ የቀረበው ላዕላይ፣ ወደ እግር የቀረበው ታሕታይ እንበለው። በዚህ መሠረት ደረት ከእምብርት አንጻር ላዕላይ ነው፤ ሰውየው በራሱ ቢዘቀዘቅም ይህ አይለወጥም። እንዲሁም እምብርት በፊት በኩል፣ አከርካሪ በኋላ በኩል ይገኛል።

ከአናት መካከል ተነሥቶ በአፍንጫና በእምብርት በኩል አልፎ አካልን ግራና ቀኝ እኩል የሚከፍል መስመር እናስብ። ወደዚህ መስመር የቀረበ ነገር ማዕከላዊ፣ ከመስመሩ ወደ ጎን የራቀ ደግሞ ጎናዊ ይሆናል። አፍንጫ ከዓይን አንጻር ማዕከላዊ፣ ጆሮ ከዓይን አንጻር ጎናዊ ነው። እዚህ ላይ የመዳፉ ወደ ፊት መዞር ጥቅሙ ይታያል፤ በመደበኛው አቋም አውራ ጣት ጎናዊ፣ ትንሿ ጣት ማዕከላዊ ናት። መዳፋችንን ወደ ኋላ ስናዞር ጣቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስያሜያቸው ግን ባለበት ይጸናል።

ለእጅና ለእግር ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት ተጨማሪ ቃላት አሉ። እጅና እግር እንደ ቅርንጫፍ ከግንደ አካል የበቀሉ ናቸውና ለግንዱ የቀረበውን «ቅርብ»፣ ከግንዱ የራቀውን «ሩቅ» እንላለን። ክርን ከአንጓ አንጻር ቅርብ ነው፤ ጣት ከአንጓ አንጻር ሩቅ ነው። ክንድ ወደ ላይ ቢነሣ፣ ወደ ታች ቢንጠለጠል፣ ወደ ጎን ቢዘረጋ ይህ ዝምድና አይናወጥም። ከላይ በምሳሌነት ያነሣነው ሦስተኛው ሰው «ከላይ በኩል» በማለት ፈንታ «ወደ አንጓው በኩል» ወይም «ወደ ትከሻው በኩል» ቢል ኖሮ ባለሙያው በተረዳው ነበር።

ነባሩ ቋንቋችን በአንዳንድ ቦታ ከሚጠበቀው በላይ የተጠነቀቀ ነው። የእጃችንን የፊት ገጽ መዳፍ፣ የኋላ ገጹን አይበሉባ እንላለን። በእርሱ አይበላበትምና አይበሉባ ተባለ፤ ማንም ሁለቱን አያሳስትም። ከጉልበት በታች በፊት በኩል ቅልጥም፣ በኋላ በኩል ባት አለ። የጉልበትን ክብ አጥንት ሎሚ እንለዋለን። በሌላ በኩል «እጅ» የሚለው ቃል ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ሊያመለክት ይችላል፤ «እግር» ደግሞ ከዳሌ እስከ ጥፍር ሊዘልቅ ይችላል። «እጄን አመመኝ» ያለ ሰው ትከሻውን፣ ክርኑን ወይም ጣቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሕክምና ቦታ «እጅ» እና «እግር» የመግለጫ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆኑ አይገባም።

ሦስቱ ጠለሎች

«ከባሕር ጠለል በላይ» ስንል ጠለል የሚለው ቃል ዝርግ ገጽን እንደሚያመለክት እናውቃለን። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካል ውስጥም በሐሳብ የምንስላቸው ሦስት ጠለሎች አሉ።

የመጀመሪያው አካልን ግራና ቀኝ የሚከፍለው ነው። ሳጂታል የሚባለው የሳይንስ ስሙ የመጣው ቀስት የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ቃል ነው፤ በቀጥታ ወደ ፊት የተወረወረ ቀስት የሚጓዝበት ጠለል ነውና። ሁለተኛው ዘውድ ከሚል ቃል ኮሮናል የተባለው፣ አካልን የፊትና የኋላ አድርጎ የሚከፍለው ጠለል ነው። ሦስተኛው አካልን ላይና ታች አድርጎ የሚቆርጠው አግድም ጠለል ነው። እነዚህን ሦስቱን የያዘ አንባቢ የእንቅስቃሴ ስያሜዎችን በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በየትኛው ጠለል እንደሚካሄድ መጠየቅ ይበቃዋል።

ፈረሰኛው ሲንቀሳቀስ

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። ፈረሰኛው ሊወጣ አንድ እግሩን በእርካብ ላይ ያኖራል። ይህን ሲያደርግ ዳሌውንና ጉልበቱን አጥፏል። በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን ማዕዘን የሚያጠብበው ይህ እንቅስቃሴ መታጠፍ ወይም ፍሌክሽን ይባላል። ጉልበቱን አጽንቶ ወደ ላይ ሲነሣ ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ይህም መዘርጋት ወይም ኤክስቴንሽን ነው። ሁለቱም የሚካሄዱት በቀስቱ ጠለል ላይ ነው። የጤነኛ ሰው ክርን ቀጥ ካለበት ተነሥቶ ወደ 145 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል፤ ጉልበት ደግሞ ወደ 135 ዲግሪ ገደማ።

ቀጥሎ ፈረሰኛው ሌላውን እግሩን ወደ ጎን አንሥቶ በፈረሱ ጀርባ ላይ ያሳልፋል። እግር ከመካከለኛው መስመር ስለራቀ እንቅስቃሴው ማራቅ ወይም አብዳክሽን ይባላል፤ በዘውዱ ጠለል ላይ ይካሄዳል። በኮርቻው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ፈረሱ ሲሮጥ እንዳይወድቅ ሁለቱን ጭኖቹን ወደ መሐል ይጨምቃል። ይህ ማቅረብ ወይም አዳክሽን ነው። ሥራውን የሚሠሩት በጭን ውስጠኛ ገጽ የተደረደሩ አምስት ጡንቻዎች ናቸው። አዘውትሮ በመጋለብ የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው። በሕክምና መጻሕፍት የእነዚህ ጡንቻዎች መሰንጠቅ «የፈረሰኛ ጉዳት» እየተባለ ይጠቀሳል። ጅማታቸው በተደጋጋሚ ጉዳት ሳቢያ ወደ አጥንትነት የሚለወጥበት ሁኔታ ደግሞ «የፈረሰኛ አጥንት» የሚል ስም አግኝቷል።

በጉግስ ጨዋታ ዘንግ የሚወረውረውን ክንድ ደግሞ እንመልከት። ክንዱ መጀመሪያ ወደ ጎን ይርቃል። ክርኑ ታጥፎ የላይኛው ክንድ በራሱ ምሰሶ ላይ ወደ ውጭ ይሽከረከራል። ከዚያ በቅጽበት ወደ ውስጥ ይሽከረከርና ክርኑ ይዘረጋል፤ ዘንጉም ይወረወራል። አጥንት ቦታውን ሳይለቅ በራሱ ምሰሶ ዙሪያ የሚያደርገው እንቅስቃሴ መሽከርከር ይባላል፤ የሚካሄደውም በአግድሙ ጠለል ላይ ነው። ትከሻ ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው መገጣጠሚያው ክብ ራስ በጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠበት ስለሆነ ነው። ለዚህ ነጻነቱ የሚከፍለው ዋጋም አለ፤ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ብዙውን ጊዜ የሚወልቀው ትከሻ ነው።

የሚያሳድደው ከኋላው መድረሱን ለማየት ፈረሰኛው አንገቱን ያዞራል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ አንድ የሚያስደንቅ የሥራ ክፍፍል አድርጋለች። ራሳችንን ዝቅ ከፍ አድርገን «አዎን» ስንል በዋናነት የሚንቀሳቀሰው በራስ ቅልና በመጀመሪያው የአንገት አጥንት መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው። ራሳችንን ግራና ቀኝ አዙረን «አይደለም» ስንል ደግሞ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጥንት መካከል ያለው ይሠራል። እሺታና እንቢታ በሁለት ልዩ ልዩ መገጣጠሚያዎች ተከፋፍለዋል ማለት ነው።

ድፋትና መንጋለል፣ ትከሻና ወለምታ

ከእንቅስቃሴዎች ሁሉ ለተማሪ አስቸጋሪ ሆነው የሚገኙት ፕሮኔሽንና ሱፒኔሽን ናቸው። አማርኛ ግን መልሱን አስቀድሞ ይዞታል። በሆዱ የተኛ ሰው ተደፍቷል፤ በጀርባው የተኛ ተንጋሏል። እፍኝ እህል ለመቀበል መዳፋችንን ወደ ሰማይ ስናደርግ እጃችንን አንጋለልን፤ ይህ ሱፒኔሽን ነው። ጀበና ይዘን ቡና በምንቀዳበት ጊዜ መዳፋችን ወደ መሬት ሲዞር ደፋነው፤ ይህ ፕሮኔሽን ነው። በሁለቱም ጊዜ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ግን በእርሱ ላይ ይዞራል።

ትከሻን በተመለከተ ከእስክስታ የበለጠ አስተማሪ አናገኝም። በጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከግንደ አካል ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንገት ሥር ባለችው ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። በቀረው ሁሉ በጡንቻ ተይዞ በጎድን ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ወደ ላይ ይነሣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ፊት ይወጣል፣ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። እስክስታ መቺው እነዚህን አራት እንቅስቃሴዎች በፍጥነት ያፈራርቃል።

እግርም የራሱ ስያሜዎች አሉት። ፈረሰኛው ተረከዙን ዝቅ አድርጎ የእግሩን ጣቶች ወደ ቅልጥሙ ሲያቀርብ ቁርጭምጭሚቱ 20 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። በተቃራኒው ጣቶቹን ወደ ታች ሲያሾል እስከ 50 ዲግሪ ይደርሳል። ውስጥ እግር ወደ መሐል ሲዞር ኢንቨርዥን፣ ወደ ውጭ ሲዞር ኤቨርዥን ይባላል። በጭቃማ መንገድ የምንሄድ ሁሉ «ወለም አለኝ» ስንል ብዙውን ጊዜ የተጎዳነው በኢንቨርዥን ነው፤ የሚያብጠውም የቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን ነው። በጥንቱ የአገራችን አጋለብ ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣትና በተከታዩ ጣት መካከል ነበር። በጫማ ውስጥ ኃይሏን ያጣችው የእግር አውራ ጣት በዚያ ዘመን የራሷ መራቅና መቅረብ ነበራት።

እነዚህ እንቅስቃሴዎች ለአባቶቻችን መለኪያም ነበሩ። ስንዝር የሚለካው አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት የቻልነውን ያህል አራርቀን ነው፤ ጋት የሚለካው አራቱን ጣቶች አቀራርበን ነው። አንዱ በአብዳክሽን፣ ሌላው በአዳክሽን የሚገኝ ልኬት ነው። ክንድም ክርን ታጥፎ፣ ጣቶች ተዘርግተው የሚለካ ነው።

የፈረሱ ጉልበት ጉልበቱ አይደለም

ከፈረሰኛው በታች ያለው እንስሳም የአናቶሚ ስያሜን ጥቅም ያስተምረናል። በዳንግላ ጎዳና ጋሪ ሲጎትት የምናየውን ፈረስ የፊት እግር ብንመለከት በመካከሉ የሚታጠፈውን ቦታ «ጉልበት» እንለዋለን። አጥንቶቹን ከሰው አጥንቶች ጋር ስናነጻጽር ግን ይህ መገጣጠሚያ ከእኛ የእጅ አንጓ ጋር ይዛመዳል። በኋላ እግሩ ወደ ኋላ ሹል ብሎ የሚታየውና «ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት» የሚመስለው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ሹሉ ጫፍ ተረከዙ ነው። እውነተኛው ጉልበቱ ሎሚውን ይዞ ከፍ ብሎ በሆዱ አጠገብ ይገኛል። ፈረስ በእያንዳንዱ እግሩ የሚቆመው በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ሲሆን ጣቱም ከእኛ መሐል ጣት ጋር የሚዛመደው ነው። ሰኮናው የዚያ ጣት ጥፍር ነው። በሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በአራት ጥፍሮቹ ላይ የሚበርር እንስሳ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የተሳሳተ ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ

ወደ ወደቀው ፈረሰኛ እንመለስ። የሚወድቅ ሰው በደመ ነፍስ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ለመያዝ ይሞክራል። ክብደቱ ሁሉ በመዳፉ ላይ ሲያርፍ የታችኛው ክንድ አጥንት ወደ አንጓው በቀረበው ጫፉ ይሰበራል፤ ስባሪውም ብዙውን ጊዜ ወደ አይበሉባ በኩል ይዛነፋል። ይህን ስብራት በ1814 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአየርላንዱ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ነው። ስባሪው ወደ መዳፍ ከተዛነፈ ግን ሌላ ዓይነት ስብራት ነው፤ የሚመለስበትም አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። «መዳፍ» እና «አይበሉባ» የሚሉት ሁለት ቃላት ሁለት ልዩ ልዩ ሕክምናዎችን ያመለክታሉ።

ዳሌ ሲወልቅም እግሩ የሚያርፍበት ሁኔታ ብዙ ይነግረናል። ጭኑ ታጥፎ፣ ወደ መሐል ቀርቦና ወደ ውስጥ ዞሮ ከቀረ የጭኑ አጥንት ራስ ወደ ኋላ ወጥቷል ማለት ነው፤ አብዛኛው የዳሌ ውልቃት እንዲህ ያለው ነው። ጭኑ ከመሐል ርቆ ወደ ውጭ ከዞረ ደግሞ ወደ ፊት ወጥቷል። ራጅ በሌለበት ቦታ «ታጥፏል፣ ቀርቧል፣ ወደ ውስጥ ዞሯል» የሚሉ ሦስት ቃላት በስልክ ቢነገሩ ለተቀባዩ ሐኪም ትልቅ መረጃ ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የማሰሪያው ጉዳይ ነው። በገጠሩ የአገራችን ክፍል የተሰበረ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ስብራቱን በሸምበቆ፣ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ ያስረዋል። የተሰበረን አጥንት ደግፎ ማቆየት ራሱ ስሕተት አይደለም። አደጋው የሚመጣው ማሰሪያው ሲጠብቅና የተጎዳው አካል ከውስጥ ሲያብጥ ነው። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቆማል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ጡንቻና ነርቭ መሞት ይጀምራሉ። በዚህ ምክንያት እጃቸውን ወይም እግራቸውን በመቆረጥ ያጡ ወገኖች፣ በተለይም ሕፃናት፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል።

የጀርመኑ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ከጠበቀ ማሰሪያ በኋላ የሚከሠተውን የእጅ መኮማተር ገልጿል። አንጓው ታጥፎ፣ ጣቶቹም ታጥፈው ይቀራሉ። መታጠፍ ብቻ ቀርቶ መዘርጋት የጠፋበት እጅ እርሻ አይዝም፣ ብዕር አይጨብጥም፣ ልጓምም አይስብም።

ይህን ለመከላከል «ሩቅ» የሚለው ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። የታሰረ አካል የሚመረመረው ከማሰሪያው ሩቅ በሆነው ጫፍ፣ ማለትም በእጅ ወይም በእግር ጣቶች ላይ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ታካሚው ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ሕመሙም ጊዜ በሄደ ቁጥር ከባሰ አደጋ አለ። ሌላ ሰው የታጠፉትን ጣቶች ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው በክንዱ ላይ ብርቱ ሕመም ከተሰማ ምልክቱ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ማሰሪያውን ሙሉ በሙሉ ማላላትና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መድረስ። እስከ ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ እጁን ማጣት ሊሆን ይችላል።

ስያሜና ስምምነት

የስያሜ ችግር የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንድሪያስ ቬሳሊየስ በ1543 እ.ኤ.አ. የሰውን አካል አወቃቀር በሥዕል የተደገፈ ታላቅ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ በነበሩት ዘመናት የአውሮፓ ሊቃውንት ለአንዱ የአካል ክፍል የተለያዩ ስሞች ያወጡ ነበር። በመጨረሻም ወደ 50,000 የሚደርሱ ስሞች ተከማቹ። በ1895 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በተደረሰው ስምምነት ወደ 5,000 ገደማ ዝቅ ተደረጉ። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት የስያሜ መዝገብ መሠረት ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

በአዊ ዞን የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሁኔታ ከዚህም ይወሳሰባል። ታማሚው ሕመሙን በአውኚ ይናገራል፤ አስታማሚው በአማርኛ ይተረጉማል፤ ባለሙያው የሪፈር ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አንድ ስብራት በሦስት ቋንቋዎች ያልፋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቀኙ ግራ፣ ክርኑ አንጓ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ታማሚው ሕመሙን በጣቱ እንዲያሳየው ቢያደርግ፣ ከዚያም ቃሉን ቢመርጥ ይበጃል። በአማርኛም ሆነ በአውኚ ያሉት ነባር የአካል ስሞችና የእንቅስቃሴ ግሦች ተሰብስበው ትርጉማቸው ቢወሰን፣ ለተማሪውም ለታማሚውም የሚጠቅም ሥራ ነው። እንዳየነው ድፋትና መንጋለል፣ መዳፍና አይበሉባ፣ ቅልጥምና ባት የሚሉት ቃላት በእጃችን አሉ።

ለማጠቃለል፣ በሜዳው የወደቀውን ፈረሰኛ ጉዳይ አንድ የጤና ሳይንስ ተማሪ በስልክ ቢያስረዳ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «የራሱ የቀኝ እጁ ነው። ከክርን እስከ አንጓ ካለው ክፍል፣ ለአንጓው በቀረበው ጫፍ ተሰብሯል። ስባሪው ወደ አይበሉባ ተዛንፏል። እጁን ማንጋለል አይችልም። ጣቶቹ ይሞቃሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ።» ይህ መልእክት ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። የሚቀበለው ሐኪም ግን ሰውየው ገና ሳይደርስ የትኛውን እጅ እንደሚያይ፣ ስባሪውን ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚመልስ፣ የደም ዝውውሩም ደኅና እንደሆነ አውቋል። አንባቢ ዛሬ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ሲቀመጥ በመደበኛው አቋም ይቁምና አውራ ጣቱ ማዕከላዊ ይሁን ጎናዊ ራሱን ይጠይቅ። መልሱን ሳያመነታ ካገኘ፣ የአናቶሚን የመጀመሪያ ትምህርት ጨርሷል።